ጡሩምባው መልስ ይፈልጋል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ መርከብ ስትጽፉ የጡሩምባውን ሕግ አትዝለሉት። እዚህ ድሬዳዋ መርከበኛ መሆን የሚመኙ ልጆች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የግጭት መከላከያ ደንብ፣ መርከብ በጠባብ መተላለፊያ ቀኙን ይዞ ይሂድ ይላል። ሲተያዩ አንድ አጭር ድምፅ «ወደ ቀኝ እየዞርኩ ነው» ማለት ነው፤ ሁለት ወደ ግራ፣ ሦስት ደግሞ ሞተሬ ወደ ኋላ እየሠራ ነው። አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ከተነፋማ «ሐሳብህ አልገባኝም» ነው። በጣም የምወደው ግን የመታጠፊያው ነው፦ ወዲያ ማዶው የማይታይ ከሆነ ከ4 እስከ 6 ሰከንድ የሚረዝም አንድ ድምፅ ይነፋል፣ ከዚያ በኩል የሚመጣውም ሰምቶ እንደዚያው ይመልሳል። መጋላ ቅያስ ውስጥ ባጃጅ ክላክሱን እያንባረቀ ሲታጠፍ ማን ይመልስለታል? ልጆች እዚያው ይጫወታሉ እኮ! እባካችሁ ደንቡን በሥዕል አውጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ