ሰሌን ሳትይዢ እንዳትመጪ

ይድረስ ለልጄ ለሜሪ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቪዛ ተመታልኝ ያልሽኝ ዕለት የምጦራትን አሮጊት፣ ሲኞራዬን እንኳ አቅፌ ስሜያታለሁ። ምን እንደሆነ አልገባትም፣ ግን እሷም ሳቀች።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። አንቺ ደግሞ በስልክ «እሺ እማዬ፣ እሺ» ትይና አንዱንም አትይዢም። ስለዚህ ተቀምጬ ጻፍኩልሽ።

የላክሽልኝን ቪዲዮ አየሁት። «ማልዲቭስ እንዳይመስልሽ፣ ጣሊያን ነው!» አልሽኝ። አውቀዋለሁ እኮ! ላ ፔሎዛ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ነው። ሰርዲኒያ ደሴት ላይ፣ በሰሜን ምዕራቡ ጫፍ፣ ስቲንቲኖ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ። የሲኞራዬ ልጅ እዚያው ደሴት ላይ ሳሳሪ ከተማ ስለምትኖር አምና በጋውን ይዣት ሄጄ ሁለት ሳምንት ከርመናል።

ቪዲዮው አልዋሸሽም። አሸዋው እንደ ማኛ ጤፍ ዱቄት ደቃቅና ነጭ ነው። ውሃው ዳር ላይ እንደ ብርጭቆ ያሳያል፣ ትንሽ ራቅ ሲል አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል። ሄደሽ ሄደሽ ከጉልበትሽ አያልፍም። ዋና ለማይችል ሰው፣ ማለትም ለእኔ፣ ከዚህ የተሻለ ባሕር የለም። ፊት ለፊት አንድ ክብ የድንጋይ ግንብ አለ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር ወንበዴ ለመጠበቅ የተሠራ። ሰው ቀሚሱን ሰብስቦ በውሃው ውስጥ እየተራመደ ይደርስበታል። እኔም ደርሻለሁ። ፎቶ የሚያነሳኝ ስላልነበረ ግን ማስረጃ የለኝም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እንደ ላንጋኖ መኪና አቁሞ ዘው ማለት የለም። በበጋ በቀን የሚገባው 1500 ሰው ብቻ ነው። ቀድመሽ ስምሽን አስመዝግበሽ 3 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ትከፍያለሽ፣ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነጻ ይገባሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያው ቀን ዳቦዬን፣ ውሃዬን፣ ጥላዬን ተሸክሜ ሄድኩና በር ላይ ተመለስኩ። የበረኛው ልጅ ትሑት ነው። ትሑት መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ።

በማግስቱ ተመዝግቤ ሄድኩ። አሁን ደግሞ «ምንጣፍሽ የታለ?» አለኝ። ፎጣ ብቻውን አይፈቀድም ለካ! ከፎጣው ሥር ሰሌን መነጠፍ አለበት። እርጥብ ፎጣ አሸዋ ይዞ ይሄዳል። አንድ ሰው አንድ ጭብጥ ይወስዳል፣ 1500 ሰው በቀን፣ ስንት ቀን፣ ስንት ዓመት? አስቢው። ስትወጪም እግርሽን ታራግፊያለሽ። ሲጋራም ክልክል ነው። ያን ሁሉ የሚያደርጉት ባሕር ዳርቻው እየጠበበ ስለሄደባቸው ነው። ድሮ ከጀርባው የነበረውን የአሸዋ ክምር አስፋልት ሠርተው ቆርጠውታል፣ ያኔ ማንም አላሰበበትም።

እዚያው ገዛሁ፣ ምን ላድርግ። ሰሌን ላይ ጋደም ስል ግን የአያትሽ ቤት ግቢ ትዝ አለኝ፣ የበርበሬው ስጥ ሳይቀር። አንቺ ከመርካቶ አንድ ያዢ፣ ለእኔም ጨምሪ።

ዳር ላይ ቡናማ የደረቀ ቅጠል ተከምሮ ካየሽ ቆሻሻ ነው ብለሽ አፍንጫሽን እንዳትነፊ። ፖሲዶኒያ የሚባል የባሕር ሣር ነው። ክምሩ ማዕበሉን ተቀብሎ አሸዋው እንዳይታጠብ ይይዘዋል። ቱሪስት አይወደውም፣ አሸዋው ግን ያለ እሱ አይከርምም።

አንድ ነገር በጣም ፈርቼልሻለሁ። አንቺ ከሄድሽበት ሁሉ ጠጠር የምትለቅሚ ልጅ ነሽ። የሐይቅ ጠጠርሽ እስካሁን በብስኩት ጣሳ ውስጥ አለ። እዚህ አሸዋም ዛጎልም ኪስሽ እንዳይገባ! ከ500 እስከ 3000 ዩሮ ያስቀጣል። በ2019 እ.ኤ.አ. ሁለት ፈረንሳውያን ከደቡቡ የደሴቱ ክፍል 40 ኪሎ አሸዋ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ሲወጡ ተይዘዋል። 40 ኪሎ! ጤፍ መሰላቸው?

ይህን ሁሉ በስልክም ልነግርሽ እችል ነበር። የጻፍኩት ለሚቀጥለው ነው።

አያትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እኛ ልጆቹ ተልከን ስንዘገይ «አዚናራ ወረዳችሁ እንዴ?» ይሉን ነበር። እኔ አዚናራ ማለት ገደል ይመስለኝ ነበር። ወይም ሲኦል። አድጌም አልጠየቅኩም። ያን ቀን ከግንቡ ጋር ቆሜ ወደ ሰሜን ሳይ፣ ከትንሿ ጠፍጣፋ ደሴት ጀርባ አንድ ረጅም ተራራማ ደሴት ተጋድሟል። አጠገቤ ያለችውን ሴት «ያ ምንድን ነው?» አልኳት። «አዚናራ» አለችኝ። እንደ አባባ አድርጋ ነው የጠራችው። ውሃው እስከ ጉልበቴ ነበር፣ ግን በረደኝ።

በሦስተኛው ቀን ከስቲንቲኖ በጀልባ ተሻገርኩ። የራስሽን መኪና አታስገቢም፣ እነሱ በአውቶቡስ ወይም በጂፕ ያዞሩሻል። ስቲንቲኖ ራሷ የተመሠረተችው በ1885 እ.ኤ.አ. ከዚያ ደሴት በተነሱ 45 ቤተሰቦች ነው። መንግሥት እስር ቤትና የበሽተኛ ማግለያ አደርገዋለሁ ብሎ አስለቀቃቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመጡ የኦስትሪያና የሃንጋሪ ምርኮኞች በሺዎች አልቀውበታል፣ አጽማቸው አንድ ቤት ውስጥ ተደርድሯል። በኋላ የማፊያ አለቆች ታሰሩበት። በ1997 እ.ኤ.አ. እስር ቤቱ ተዘግቶ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። አሁን ነጫጭ አህዮች ይዞሩበታል፣ ዓይናቸው ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ፀሐይ የሚያስጨንቃቸው። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው እነሱን ነው።

የእኛም ሰዎች እዚያ ነበሩ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ አዲስ አበባ ላይ ያደረገውን ታውቂያለሽ፣ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ስንቴ ቀጠሮ ይዘሻል። ከተረፉት ውስጥ መኳንንቱን፣ የተማሩትን፣ ሴቱንም ልጁንም በመቶዎች እየለቀሙ በመርከብ ጫኗቸው። ብዙዎቹ የተራገፉት አዚናራ ነው። አርበኛዋ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ እዚያ ነበሩ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅም ከነልጆቻቸው። ባላቸውን ደጃዝማች በየነ መርዕድን ጣሊያን በዚያው የካቲት ገድሏቸዋል። እሳቸውም ወደ አገራቸው አልተመለሱም፣ በ1933 ዓ.ም. ቶሪኖ ላይ ሞቱ።

ደሴቱ ላይ ቆሜ ወደ ደቡብ ስመለከት ላ ፔሎዛ ነጭ ክር ሆና ታየችኝ። እነሱም በዚህ በኩል ይህን ሁሉ ቱርኩዋዝ ውሃ ያዩ ነበር ማለት ነው። ባሕር አይተው የማያውቁ ደገኞች። ልጆቹ እግራቸውን ነክረው ይሆን? ይህን እስካሁን አስባለሁ። ስመለስ ሲኞራዬ «ቆንጆ ነው?» አለችኝ። «ቆንጆ ነው» አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ፣ ዘጠና ዓመቷ ነው።

ስለዚህ ላ ፔሎዛን ለአንድ ቀን፣ አዚናራን ለሚቀጥለው ቀን እይዛለሁ። አታኩርፊ፣ ዋናሽን በመጀመሪያው ቀን ትጠግቢያለሽ። ማየስትራሌ የሚሉት ነፋስ ከተነሳ ቀኖቹን እንቀያይራለን።

ከመምጣትሽ በፊት አጎትሽ ጋ ሂጂ። አባባ ያን ቃል ከማን እንደሰሙት ጠይቂልኝ። ከቤተሰባችን የሄደ ሰው ነበረ? ወይስ የሰፈር ወሬ ነው? አጎትሽ የመጨረሻ ልጅ ነው፣ አባባ በስተርጅና ያወሩት ለእሱ ነው። በስልክ ስጠይቀው «ቆይ አስባለሁ» ብሎ ዘጋብኝ። ቡና አፍዪለት፣ ሁለተኛው ላይ ይናገራል። ስም ከነገረሽ በወረቀት ጽፈሽ አምጪልኝ።

በርበሬ ከሁለት ኪሎ አታስበልጪ።

እናትሽ