እጥበት ላይ ላለች እናት እንቁላል አትከልክሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

እናቴ የኩላሊት እጥበት ላይ ናት። ጠያቂ ሁሉ «እንቁላልና ሥጋ እንዳትነኪ» ይላታል። ምክሩ እጥበት ላልጀመረ ሰው የተሰጠ ይመስለኛል። ማሽኑ ቆሻሻውን ሲያጣራ የፕሮቲን መገንቢያ የሆነውን አሚኖ አሲድም አብሮ ስለሚወስድ፣ ታማሚው በቀን በኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። የእንቁላል ነጭ፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚከማቸው ፎስፈረስ የተባለ ማዕድን ትንሽ ብቻ ስላለው ይመረጣል።

ኩላሊት ደክሞ ደም ውስጥ አሲድ ሲከማች ደግሞ ሰውነት የገዛ ጡንቻውን ያፈርሳል፣ አጥንትም ይሳሳል። ገንዘብ አጥሮት በሳምንት 3 ጊዜ መታጠብ ያልቻለ ሰው ይበልጥ ይጎዳል። ከእጥበት በፊት የሚለካው ባይካርቦኔት (ደም ውስጥ አሲዱን የሚያለዝበው ንጥረ ነገር) በሊትር ከ22 ሚሊሞል ከወረደ በእጥበቱ ፈሳሽ ወይም በኪኒን ሊስተካከል ይችላል። ሐኪሞቻችን ሆይ፣ ከፖታሲየም ምርመራው ጋር የባይካርቦኔቱንም እዘዙልን፤ ውጤቱንም ለቤተሰብ አስረዱ።

አንባቢያችሁ