የአጥንት ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ሄድፎን

ሰላም ለናንተ ይሁን የጋዜጣው አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው፣ ቤቴ ሆጤ ስራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በየቀኑ ሀረጎን እወርዳለሁ እወጣለሁ። ስለ ሄድፎን ነው ምጽፈው፣ ነገሩ ግን የእናቴ ጆሮ ጉዳይ ነው።

እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋ ይመግላል። በሷ ጊዜ ሀኪም ቤት ሚባል ነገር የት ተገኝቶ፣ ዘይት ሞቅ ተደርጎ ጠብ ይደረጋል፣ ጤናዳም ይጨመቃል፣ በቃ። የሁለቱም ጆሮዋ ታምቡር ተበስቶ ቀረ። ሀረጎን ስንወርድ የኛ ጆሮ ድፍን ይል የለ፣ ምራቅ እየዋጥን ነው ኮምቦልቻ ምንደርሰው፣ የሷ ግን ድፍን ብሎ አያውቅም፣ አየሩ በቀዳዳው ስለሚያልፍ ነው። እህቴ ሪያድ ናት፣ ከሄደች 6 ዓመቷ፣ ስትደውል እማዬ "ሀሎ፣ ሀሎ" ትልና ስልኩን ለኔ ትሰጠኛለች፣ እኔ ሰምቼ ጆሮዋ ስር እየጮህኩ ምነግራት። ምስጢር ሚባል ነገር አልነበራቸውም እናትና ልጅ።

አምና ሀኪም ጋ ወሰድኳት። ሹካ ሚመስል ብረት መታ አርጎ ጆሮዋ አጠገብ ያዘው፣ ምንም አልሰማችም። የብረቱን እግር ከጆሮዋ ኋላ አጥንቱ ላይ ሲያሳርፈው ግን ደንገጥ ብላ ቀና አለች። ሀኪሙ እንዳስረዳን የውስጠኛው ጆሮዋ ደህና ነው፣ ችግሩ ታምቡሩ ጋ እና ከሱ ቀጥለው ያሉት 3 ትንንሽ አጥንቶች ጋ ነው፣ ስለዚህ ድምጽ በራስ ቅሏ በኩል ዞሮ ከገባ ትሰማለች።

ደስ ብሎኝ በማግስቱ አንድ ሱቅ ገብቼ የአጥንት ሄድፎን፣ ማለት የራስ ቅልን እየነዘረ ድምጽ ሚያስገባውን፣ አለ ወይ አልኩ፣ አለ ተባልኩ፣ 2,800 ብር ከፈልኩ። ቤት ወስጄ አረኩላት። "ዝም ነው እኮ ሚለው ልጄ" አለችኝ። ድምጹን እስከ ጥግ ከፈትኩት፣ ያው ነው። ለሊቱን ሙሉ ጆሮዋ ጭራሽ ብሶበት ነው ብዬ ስጨነቅ አደርኩ።

በኋላ እህቴ ሾክዝ ሚባለውን የእውነት የአጥንት ሄድፎን በሰው ላከችልን። ገና ጆሮ ግንዷ ላይ ሲያርፍ "ይነዝረኛል" ብላ ሳቀች። ከዛ ደወልን። እህቴ "እማ" ስትል እማዬ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ዝም አለች፣ ቆይታ "ድምጽሽ ወፈረብኝ ልጄ፣ አደግሽ" አለቻት። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ። አሁን ሀሙስ ሀሙስ መንዙማዋን በሱ ነው ምትሰማው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው የገዛሁት የአጥንት አይደለም። ጆሮ ቀዳዳ ፊት ለፊት ሚንጠለጠል ትንሽዬ ስፒከር ነው፣ ድምጹ እንደማንኛውም ድምጽ በአየር ነው ሚገባው። ጆሮው ጤነኛ ለሆነ ሰው ሊጠቅም ይችላል፣ ፒያሳ ላይ ስትሄድ ከኋላህ ሚመጣ ባጃጅ ይሰማሃል። ታምቡሯ ለተበሳ ሴት ግን የሞተ እቃ ነው። መልክ ላይ ደግሞ ሁለቱም አንገት ኋላ ሚዞር ሽቦ ስላላቸው ይመሳሰላሉ።

መለያው ቀላል ነው። ጆሮህ ጤነኛ ከሆነ አርገኸው ዘፈን ክፈትና ሁለቱንም ጆሮህን በጣትህ ድፈን። የእውነት የአጥንት ከሆነ ድምጹ ይብስ ይጎላል፣ ቤዙ ይወፍራል። ስፒከር ከሆነ ይርቃል። ሳትከፍል እዛው ሱቁ ውስጥ ሞክረው፣ ባለሱቁ አላስሞክርም ካለ ተወው።

ሌላው "ታምቡር ስለማይነካ ጆሮ አይጎዳም" እያሉ ሚሸጡት ነገር ልክ አይደለም። መጨረሻ ላይ ድምጹ ሚደርሰው ያው የውስጠኛው ጆሮ ጋ ነው፣ የሚጎዳውም እሱ ነው። እኔ ራሴ ሚኒባስ ውስጥ በሞተሩ ጩኸት አልሰማ ሲለኝ ድምጽ መጨመር ጀምሬ ነበር፣ ትቼዋለሁ። የአለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል (የድምጽ መጠን መለኪያ ነው) በሳምንት ከ40 ሰዓት አይብለጥ ነው ሚለው።

እና ደግሞ ለሁሉም አይሰራም፣ የውስጠኛው ጆሮ ወይ ነርቩ የተጎዳ ሰው ብዙ አይጠቀምበትም፣ የሚመግለውንም አያድነውም። ስለዚህ መጀመሪያ ሀኪም። የናንተ ጋዜጣ የጤና አምድ አለው፣ እባካችሁ ስለ ጆሮ መምገል አንድ ቀን ጻፉበት፣ ሰፈራችን ውስጥ ዛሬም ህጻን ልጅ ጆሮ ውስጥ ዘይት ሚያንጠባጥቡ እናቶች አሉ፣ እኔ ብነግራቸው አይሰሙኝም፣ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ግን አነብላቸዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ ሆጤ