አምና አፍንጫዋን ደፍታ አለፈች፣ ዘንድሮ ቀና ስትል ወደቀች

ለተሽከርካሪ ምርመራ ጉዳይ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንድ ስንዝር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣ ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። አንዱ «ይታያል» ተብሎ መዝገብ ቤት ቀረ። ሁለተኛው ጠፋ። ሦስተኛውን ይዤ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። ስብሰባው ያልቅ ይሆናል ብዬ አራት ቀን ተመላለስኩ። እንግዲህ በአደባባይ ልጠይቅዎ።

መኪናዬ አሮጌ ሃይሉክስ ናት፣ ደብል ጋቢና። ፒካፕ ሲሠራ ኋላው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ጭነት ሲገባ እንዲስተካከል ነው። የኔዋ ግን የፊት ሞላዋ ደክሞ ጭራሽ አፍንጫዋን ደፋች። የሰፈራችንን ጉድጓድ ባለፍን ቁጥር ሆዷ ይፋቃል። እህቴ ከዱባይ ስትመጣ ሌቭሊንግ ኪት፣ ማለትም የደፋ ፊት ማንሻ ዕቃ፣ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ሌላ ነገር አይደለም፤ ከሾክ አብዞርበሩ በላይ የሚገቡ ሁለት የአሉሚኒየም ስፔሰር (ማራራቂያ) ነው። ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ፊቷን የዚያን እጥፍ ገደማ፣ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያነሳል።

ቅዳሜ ግቢዬ ውስጥ ገጠምኩት። በክሪክ አነሳሁ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንምና ሻሲዋ ሥር የብረት መቆሚያ አስገባሁ። ከላይ ሦስት ዳዶ፣ ከታች አንድ ትልቅ ብሎን ሲፈታ ሾክ አብዞርበሩ ከነሞላው ይወጣል። መሃል ላይ ያለችውን ዳዶ አልነካሁም። እሷ ከተፈታች ታምቆ የተቀመጠው ሞላ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ስፔሰሩን ከላይ አስቀምጬ መለስኩ። መሪውን ከጥግ ጥግ እያዞርኩ የፍሬን ቱቦው እንዳልተወጠረ አየሁ። የታችኛውን ብሎን ያጠበቅኩት ጎማው መሬት ነክቶ ክብደቷን ከተሸከመ በኋላ ነው፤ አለዚያ ቡሹ (ብሎኑ የሚያልፍበት ጎማ) ተጠማዞ ይበላል። ሰኞ ዊል አላይመንት አሠራሁ፤ ደረሰኙ አለኝ። ፊቷ ሲነሳ መብራቷ የሰው ዓይን ውስጥ ስለሚገባ እሱንም ዝቅ አስደረግኩ።

ይህን የምዘረዝረው ለጉራ አይደለም። (እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።) ለዓመታዊው ምርመራ ስወስዳት መርማሪው አንዱንም ስላልጠየቀኝ ነው።

እሱ ያደረገውን ልንገርዎ። ፊት ለፊት ቆመ። በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል እጁን ዘረጋ። በስንዝር ለካ። «ከፍ ብሏል፤ የቅርጽ ለውጥ ነው» ብሎ ጣላት። ሥሯ አልገባም፣ ጎማዋን ይዞ አላወዛወዘም። የሚፈቀደው ስንት ሴንቲ ሜትር ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ልታስተምረኝ ነው?» አለ። እጁ ደግሞ ትንሽ ናት። በኔ ስንዝር ቢለካ አልፌ ነበር።

ክቡር ኃላፊ፣ አምና ይህችው መኪና፣ እዚያው ማዕከል፣ ሞላዋ ደክሞ፣ ሆዷ እየተፋቀ አልፋለች። የተሽከርካሪ ምርመራ አዋጁን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። ስንዝር የሚል አንቀጽ ካለው ቁጥሩን ይንገሩኝ።

«ጋራዥ የሠራው ለመሆኑ ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ። ሄድኩ። የጋራዡ ሰውዬ ዋጋውን ነግሮኝ ሲያበቃ፣ «መኪናዋን ማምጣት አያስፈልግም፤ ሊብሬዋን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» አለኝ። እናንተ የምታምኑት ማህተም ይሄ ነው። በገዛ እጄ ያጠበቅኩት ብሎን ግን ወንጀል ሆነ።

ቦሎዬ ጊዜው ሊያልፍ ሦስት ቀን ሲቀረው ስፔሰሩን አወጣሁ። መኪናዬ አፍንጫዋን ደፍታ ገባች፣ በአሥር ደቂቃ አለፈች። መርማሪው «አሁን ተስተካከለች» አለኝ። ስወጣ በራችሁ ላይ ያለው ጉድጓድ ሆዷን ፋቃት።

ስፔሰሮቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው ሳሎን ቡፌ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ በየቀኑ «እነዚህን ብረቶች መቼ ነው የምታነሳልኝ?» ትላለች። መልሱ እርስዎ ጋ ነው። የምጠይቅዎ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ በሴንቲ ሜትር። ወረቀት ላይ ጽፈው በሩ ላይ ቢያስለጥፉት ይበቃኛል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
በስንዝር ለለካኝ ወጣት፣ ከአንድ ሜትር ጋር