ስም ሲበዛ

ይድረስ ለቅኔ ቤት ወንድሜ፣

ጠፋሁ። ለሰርግህም አልመጣሁ። ይቅር በለኝ፤ ሰበቡን ስንገናኝ እደረድርልሃለሁ። አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው።

እማዬ ማረፏን ሳትሰማ አትቀርም። ሳጥኗን ስንከፍት ከነጠላዋ ሥር፣ በቆዳ ማኅደር የተጠቀለለ ብራና ወጣ። እህቴ «አስማት!» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። ይቃጠል አለች። ቀምቼ ደበቅሁት።

ማታ በሬን ዘግቼ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። አናቱ ላይ ዓይኑ የፈጠጠ መልአክ ሰይፍ ይዟል። ዝቅ ብሎ ቅዱስ ሱስንዮስና ሕፃን ገዳይዋ ጋኔን ውርዝልያ። ቀጥሎ ትርጉም የሌላቸው የሚመስሉ ስሞች ድርድር። ከዚያ «አድኅና ለአመትከ ወለተ ማርያም»፤ አገልጋይህን ወለተ ማርያምን አድናት። የእማዬ ክርስትና ስም፣ በቀይ ቀለም።

ክታብ በባለቤቱ ቁመት ይለካል ሲሉ እንሰማ አልነበር? አነሣሁና ከራሴ ጋር ለካሁት። ከእግሬ እስከ ትከሻዬ። እማዬም የምትደርሰው ትከሻዬ ድረስ ነበር። እንግዲህ... ይሄን ልለፈው።

አንተ ሰው፣ አስማት እኮ ስሞች ማለት ነው! አንድ ሲሆን ስም፣ ሲበዛ አስማት፤ ግዕዙን አብረን አይደል የተማርነው? ክታቡ የአምላክንና የመላእክትን ኅቡእ ስም ይደረድራል። ስሞቹን አውቆ መጥራት ያድናል ተባለ፤ አማርኛው ቃሉን ለድግምቱ ሰጠውና አረፈ። ጠልሰም የምንለው የክታብ ሥዕል እንኳ ስሙ ከግሪክ ተነሥቶ በዐረብ በኩል የገባ እንግዳ ነው። አስማት ግን የቤት ልጅ ነው። እኛስ ዲማ ቅኔ ቤት ሳለን አኮፋዳ አንግተን በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል ስም መጥራታችን አልነበር? አንድ ስም ቁራሽ ያሰጣል፣ ሲበዛ እሳት ያስፈርዳል?

ይሄን ለእህቴ ብነግራት «ቅኔህን እዚያው» አለችኝ። አልፈርድባትም። ሳልነግርህ የቆየሁት ነገር አለ፤ ቅኔ ቤት ሳለን ከአንድ ተማሪ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ተውሼ ሌሊት ገልብጬ ነበር። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። አንተ ወባ መስሎህ ለምድህን ደረብክልኝ። ዛሬም ስሞቹን ድምፅ አውጥቼ ማንበብ አልደፍርም።

አንተ ግን የኔታ ተብለሃል አሉ። (ትንሹ ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት አልሞላልህ ብሎ ስታለቅስ አይቼሃለሁ፤ ለተማሪዎችህ አልናገርም።) ፎቶ አንሥቼ ልላክልህ ብዬ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። ከአርባዋ በፊት ና። ከቢቸና ደብረ ማርቆስ ምን አላት! አንብብልኝ፣ እህቴም ከአንተ አፍ ትስማ።

በትር ያዝ። ውሻችን እንደ ድሮዎቹ ነው፣ ተማሪ አይወድም።