ወደ ጅማ ሠዓሊዎች ቤትም ጎራ በሉ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

የአዲስ አበባ ሠዓሊዎችን ስቱዲዮ እየዞራችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ አንዴ ደግሞ ክፍል ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለተማሪዎቼ። ጅማ ውስጥ የክወናና ዕይታ ጥበባት አስተምራለሁ። የመጽሐፉ ስም ይህ ነው፤ ልጆቹም እኔም ግን «ሥዕል» ነው የምንለው። አንብቤ ስጨርስ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እዚህስ ሠዓሊ የለም?»

አለ። ብዙ አለ። ጥያቄዋ ግን አሳፈረኝ። ስንት ዓመት ሳስተምር አንድም ቀን አንዳቸው ጋ ይዣቸው ሄጄ አላውቅም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ስድስት ልጆች እየያዝኩ መዞር ጀመርኩ። ይህን የምጽፍላችሁም ያየነውን ልነግራችሁና እናንተም መጥታችሁ እንድታዩት ለመለመን ነው።

መጀመሪያ የሄድነው እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አጠገብ ካሉ አንድ አባት ዘንድ ነው። የሱቅ ታፔላ ነው የሚጽፉት። ቤታቸው ጠባብ ስለሆነ ቆርቆሮውን በረንዳ ላይ አስደግፈው ይሠራሉ። የቀለም ማቅጠኛው አኳራጅና የዘይት ቀለም ከሩቅ ይሸታል። ሲባጎ አወጡና በጠመኔ አሹት። አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝ። «ነይ ያዢው የኔ ልጅ፣ እንዳታላሊው» አሉኝ። ሲባጎውን ከመሃል ሳብ አድርገው ሲለቁት ጧ አለ፤ ቆርቆሮው ላይ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ወጣ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ዋው!» አሉ። እያንዳንዳቸው ካልሞከርን ብለው ግማሽ ሰዓት አለፈ።

ከዚያ ፊደሉን በጣት እየለኩ ከፋፈሉት። እዚህ ላይ እኔም አስቤው የማላውቀውን ነገር ተማርኩ። «ምግብ ቤት» አምስት ፊደል ነው። በኦሮምኛ «መነ ኛታ» ተብሎ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል (Mana Nyaataa) ሲጻፍ ግን አሥራ አንድ ይሆናል። የረዘመ አናባቢ ሁለቴ ስለሚጻፍ ቃሉ ወደ ጎን ይረዝማል። የታፔላው ስፋት ደግሞ ያው ነው። ታዲያ ቁቤው እንዳይቀጥን፣ የግዕዙ ፊደልም ብቻውን ገዝፎ እንዳይታይ ምን ይደረግ? እሳቸው ቁቤውን ቆም፣ ጠበብ አድርገው ይጽፉታል። በግዕዙ ፊደላት መካከል ደግሞ ትንሽ ትንሽ አየር ይተዋሉ። ሁለቱም ከዳር እስከ ዳር እኩል ይቀመጣሉ። ቁቤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በየታፔላው ሲገባ ይህን ያስተማራቸው ማንም የለም። ቆርቆሮው ላይ እያጠፉ፣ እየጻፉ ራሳቸው ደረሱበት። የሁለት ቋንቋ ከተማ እንዴት አብሮ እንደሚቀመጥ በብሩሽ የሠሩ ሰው ናቸው። አንድ ጋዜጠኛ መጥቶ ይህን ቢጠይቃቸው ምን ያህል ባወሩት!

አሁን ሥራው ቀንሶባቸዋል። ባነር አትሞ መስቀል ይፈጥናል። የእኛ ከተማ ዝናብና ፀሐይ ግን ባነሩን ብዙ ሳይቆይ ያገረጣዋል። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ እሳቸው ከብዙ ዓመት በፊት የጻፉት ታፔላ ዛሬም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ልጆቹን ወስጄ አሳየኋቸው።

ሁለተኛው ቦታ ስቱዲዮ ለማለትም ያስቸግራል። ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ያለ ግድግዳ ነው። ሦስት ወጣቶች ናቸው፤ ቀን ቀን ባጃጅ ላይ ጽሑፍና ሥዕል ይሠራሉ፣ ሲመሽ ለራሳቸው ይለማመዳሉ። ለመኪና የሚሆን የስፕሬይ ቀለም ነው የሚጠቀሙት። ውድ ስለሆነ መጀመሪያ በከሰል ይነድፋሉ። ቀጭን መስመር ሲፈልጉ የባዶ ዲዮዶራንት ጣሳ መርጫ ነቅለው ይተኩበታል። የሚሠሩት በፊደላችን ነው። «ጅማ» ብለው ጽፈው የ«ጅ»ን አናት ዘርግተው የባጃጅ ጣሪያ አደረጉት። የ«ማ» ረጅም እግር ጫፍ ላይ ጎማ ገጠሙበት። እዩልኝ፣ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፣ ከተማው ግን ቁጭ ብሏል።

አንዱ ተማሪዬ «ይሄ ግድግዳ ማበላሸት አይደለም?» ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሳያስፈቅዱ የሰው አጥር ላይ መጻፍ ስህተት መሆኑን ነገርኩት፤ ወጣቶቹም አብረውኝ ተስማሙ። ከዚያ ስለ ግራፊቲ፣ በየግድግዳው ስምና ፊደል ስለመጻፍ ጥበብ፣ አጀማመር አወራናቸው። በኒው ዮርክ አንድ የግሪክ ዝርያ ያለው ወጣት ነበር፤ ሥራው መልእክት ማድረስ ነው። ቅጽል ስሙን ከሚኖርበት 183ኛው መንገድ ቁጥር ጋር አያይዞ «ታኪ 183» እያለ በደረሰበት ሁሉ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ስለ እሱ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲያ ስሙን የሚጽፈው ወጣት በዛ። እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን «ጸሐፊ» ብለው ነው የሚጠሩት፤ ዋናው ነገራቸው ፊደል ነውና። ይህን ስናወራ የመርካቶው አባት ትዝ አሉኝ። በነጋታው ወጣቶቹን ወስጄ አስተዋወቅኋቸው። አሁን ሲባጎ መሳብ ከእሳቸው እየተማሩ ነው።

አንድ ያዘንኩበትን ነገርም ልንገራችሁ። ከዚያ ትውውቅ በኋላ እነዚህ ወጣቶችና ተማሪዎቼ አንድ ላይ ሆነው የአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ላይ ሥዕል ሠርተው ነበር። አስፈቅደናል። ቀለሙን ከወላጆች አዋጥተን ገዛን። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ፣ የሐሙስን ገበያ፣ የአዌቱን ወንዝ ሣሉ። አንድ ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፉ አጥሩ ነጭ ሆኖ ጠበቃቸው። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ነው አሉ። የነገረን ሰው የለም። አንዷ ልጅ ግድግዳውን በጣቷ ነካችው፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ክፍል ገብታ ነጭ ጣቷን አሳየችኝ። ምን ልበላት? ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ቀለም እንዲቀባ ያዘዙት ሰው ልጆቹ ሲሠሩ አንድ ቀን ቆመው ቢያዩ ኖሮ ግን አያዙትም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ሠዓሊ የሚኖረው በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ነው። ሸራ እዚህ እንደልብ አይገኝም። አቡጀዲ ይገዛል፣ እንጨት ላይ ይወጥራል፣ ኮላ በነጭ የግድግዳ ቀለም አዋህዶ ሁለት ሦስቴ ይቀባዋል። ትልቁ ጠላቱ እርጥበት ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ሰማዩ ሲከፈት መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅም። የተወጠረው አቡጀዲ ይላላል፣ ከጀርባው ይሻግታል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ከሰል አያይዞ፣ በር ከፍቶ፣ ሥዕሎቹን እንደ እህል እያገላበጠ ያደርቃል። ከግድግዳ ጋር የተደረደሩትን አንድ በአንድ እያወጣ አሳየን። ጅማ ውስጥ አንዱም ታይቶ አያውቅም። ሲሸጥም በአውቶቡስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ነው የሚሸጠው።

ልጆቹን የያዛቸው ግን ያልተሳኩት ሥዕሎች ናቸው። አንዲት የቡና ለቃሚ ሴት ፊት አራት ጊዜ ሠርቶ አራት ጊዜ አጥፍቶታል። በመስኮቱ ብርሃን ጎን ለጎን አድርጎ ሲያዘነብለው የድሮዎቹ ፊቶች ከቀለሙ ሥር ጎልተው ይታያሉ። ክፍል ውስጥ አንድ መስመር ሲሳሳት ወረቀቱን ጨምድዶ የሚጥል ልጅ አለኝ። ሥዕሉን እያየ ዝም አለ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ወረቀት አልጣለም። ኤግዚቢሽን ላይ ያለቀውን ብቻ ነው የምናየው። ይህን የምታዩት ሰውየው ቤት ከገባችሁ ብቻ ነው።

ለልጆች የተረት መጽሐፍ ሥዕል የምትሠራ ወጣትም አለች። በስልኳ ላይ፣ በጣቷ ነው የምትሥለው። ስቱዲዮዋ የአልጋዋ ጫፍ ነው። መብራት ሲሄድ ሥራ ይቆማል። ስለ እሷ ብቻ አንድ ገጽ ይወጣዋል።

የሠዓሊን ቤት መጎብኘት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ሠዓሊው ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በሕይወት ሳሉ አዲስ አበባ ባለው ቤታቸውና ስቱዲዮአቸው ቪላ አልፋ እንግዳ ይቀበሉ ነበር። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የኤግዚቢሽን አዘጋጇ መስከረም አሰግድም እዚያው አዲስ አበባ ዞማ ሙዚየምን ሠርተው በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ከፈቱት። የእኛዎቹ ቪላ የላቸውም፤ በረንዳና ሰርቪስ ቤት ግን አላቸው። ጅማን ሊያይ የሚመጣ ሰው ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያያል፣ ሙዚየሙን ያያል፣ ቡናና ማር ገዝቶ ይመለሳል። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አራቱም በራቸውን ከፍተው ቢጠብቁትስ? ጠይቄያቸዋለሁ፤ ፈቃደኞች ናቸው። ታፔላውን አባታችን በሁለቱም ቋንቋ በነፃ እጽፋለሁ ብለዋል። ከከተማው የምንፈልገው አንድ ግድግዳ ነው፤ ሳይነገረን በነጭ የማይቀባ።

ከእናንተ ደግሞ አንድ ጋዜጠኛና አንድ ካሜራ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ያላለቀ ሥራው እንዲታይ የማይወድ አለ። ከቻላችሁ ሐሙስን አስቀሩ፤ ገበያ ስለሆነ መርካቶው በረንዳ ላይ መቆሚያ አይገኝም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከመጣችሁ ሲባጎውን የሚይዝላችሁ ልጅ አይጠፋም።

አንባቢያችሁ፣ የሥዕል መምህርት
ከጅማ