ጉዞውን ከገና ወደ መጋቢት ለምን አዛወርነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

የሰሜን ብርሃን የሚባለውን፣ ሌሊት በሰማይ ላይ የሚታየውን ባለቀለም ብርሃን ለማየት ወደ ስዊድን የምናደርገው ጉዞ ከገና ወደ መጋቢት በመዛወሩ ብዙዎቻችሁ ተቀይማችኋል። «በሁዳዴ ለሽርሽር የሚወጣ የጎጃም ሰው የት አይታችሁ ነው?» ብሎ የጻፈልንም አለ። ላስቀየምናችሁ ይቅርታ።

እኔም የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ጾሙ አልጠፋኝም። ማደሪያችን ወጥ ቤት አለው። ሽሮው፣ በሶው፣ ድርቆሹ ከዚሁ ከባሕር ዳር ተጭኖ ይሄዳል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ትኩስ በሶ የጠጣ ሰው ሥጋ አያምረውም። (የጮቄን ብርድ ለምጃለሁ ብሎ በጋቢ የመጣ ደንበኛም ነበረን። ካፖርት ተውሰንለታል።)

አሁን ወደ ቪዛው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ሕጉን ካጠበቀ ወዲህ፣ ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። አብዛኞቻችሁ ደግሞ ቀብድ የምትከፍሉት ከመስቀል በኋላ ነው። አልፈርድም፣ እኔም እንደዚያው ነኝ። ግን ቀጠሮ ተጠብቆ፣ የባንክ ወረቀት ተሟልቶ እንዴት ለገና ይደረሳል?

ዋጋውንም እናንሳው። ፈረንጆቹ ገናቸውን በሚያከብሩበት ሰሞን ስዊድን፣ ኪሩና ላይ አልጋ እሳት ነው። እኛ በብር ሰብስበን በውጭ ምንዛሪ ነው የምንከፍለው። ሐምሌ 2016 ገበያው ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100 አለፈ። ያኔ ለተመዘገቡት አንድ ብር አልጨመርንም፤ ልዩነቱን ከኪሳችን ሸፈንን። ይህን አውርቼው አላውቅም። «ትርፍ ፈልገው ነው» ሲባል ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ብርሃኑን ለማየትም ቢሆን መጋቢት አያስከፋም። ታኅሣሥ ላይ እዚያ ፀሐይ ለሳምንታት አትወጣም፤ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ነው። በመጋቢት ቀንና ሌሊቱ ይስተካከላል። ቀን ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ትሄዳላችሁ፣ ማታ ሰማዩን ትጠብቃላችሁ። ብርሃኑ የሚመጣው ከፀሐይ የሚወረወሩ ቅንጣቶች ከከባቢ አየር ኦክስጅንና ናይትሮጅን ጋር ሲጋጩ ነው፤ አረንጓዴው የኦክስጅኑ ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ደግሞ ይህ ነገር ይበረታል። የምናድረው ኪሩና አካባቢ ባለችው አቢስኮ መንደር ነው፤ ተራሮቹ ደመናውን ብዙውን ጊዜ ያስቀሩታል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። «ካላየሁ ገንዘቤ ይመለስ» ለምትሉ፣ ሰማዩን እኔ አላዝዘውም። ስልካችሁን ግን ደረታችሁ ውስጥ ያዙት፤ ባትሪው በብርዱ ቶሎ ይሞታል።

ይህን ሥራ የጀመርኩት ፈረንጅ በጀልባ ወደ ጣና ገዳማት፣ በመኪና ወደ ጢስ ዓባይ እያመላለስኩ ነው። ኮቪድ መጣ፤ ከዚያ የሰላሙ ነገር ተከተለ፤ እንግዳ ጠፋ። «እኛስ ለምን የእነሱን አገር አናይም?» ያላችሁኝ እናንተው ናችሁ። ልጆቻቸው ከውጭ ከፍለውላቸው አብረውን የሄዱ እናቶችና አባቶች አሉ፤ እስካሁን በዓል በመጣ ቁጥር ይደውሉልኛል። ሠራተኞቼም በእናንተ ነው ከነቤተሰባቸው የሚያድሩት። ለዚህ ነው የሰሞኑ ቃል የከበደኝ።

ቀብዱን የሚፈልግ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቢሯችን ይምጣ፤ ሳንቲም ሳይቀነስ ይመለስለታል። ገና ያልወሰናችሁ ግን ከዚያ በፊት ደውሉልኝ። ለቪዛ ስም የምናስገባው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሰው ካልሞላ ጉዞው ይሰረዛል። እባካችሁ ሳንነጋገር አትተዉን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት
ባሕር ዳር